ሳይክልሽ ኮምቦልቻ ትደር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ መንገድ ናቸው። አራተኛው ስለ ጋብቻ ነበር፤ እሱ ይቆየን።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? ቤቴ ደሴ ነው፣ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ወደ ላይ። ሥራዬ ደግሞ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ጠዋት ቁልቁለቱን በእግሬ እወርዳለሁ። ከዚያ ባጃጅ እስከ መናኸሪያ። ከዚያ ሰልፍ። ከዚያ አባዱላ ተሳፍሬ የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ። ኮምቦልቻ ስደርስ እንደገና ባጃጅ። ማታ ይኸው ተገልብጦ ነው። ደመወዜ መንገድ ላይ አለቀ። ወንድሜ «ሳይክል ግዢ» ይለኛል። ሐረጎን በሳይክል? ደግሞ ቀሚስ ነው የምለብሰው፣ ሰውስ ምን ይለኛል?

መልስ፦ አብሽሪ የኔ ልጅ። ወንድምሽ ልክ ነው፣ ግን ነገሩን ግማሽ ድረስ ነው ያሰበው።

ሐረጎ ይቅርብሽ። እኔ አንድ ጊዜ በሳይክል ወርጄዋለሁ። 19 ዓመቴ ነበር፣ ሳይክሉም የተዋስኩት ነው። የሚሠራው የኋላ ፍሬኑ ብቻ ነበር። ግማሽ ላይ ስደርስ ፍሬኑ መሽተት ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ጭራሽ መያዝ ተወ። የቀኝ ጫማዬን ሶል ጎማው ላይ አስደግፌ ነው ያቆምኩት። እናቴ ምንም አልነገርኳትም፤ ጫማውን ስታይ ግን ሁሉም ገባት። ያኔ እንኳ መንገዱ እንደ ዛሬው በሲኖትራክ አልተጨናነቀም ነበር። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ ደግሞ ከፊትሽ ያለው መኪና የሚታይሽ አጠገቡ ስትደርሺ ነው። መውጣቱም የባሰ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከፍታው ግን ከ600 ሜትር በላይ ይጨምራል። ከስምንት ሰዓት ፈረቃ በኋላ ይህን ማን ይገፋዋል?

ስለዚህ ዳገቱን ለመኪና ተዪለት። ሜዳውን ለሳይክል ያዢው። ሜዳው ያለው ኮምቦልቻ ነው፣ ሳይክልሽም እዚያው ትደር። ደሴ መጥታ ምን ትሠራለች?

ሆላንዶች ይህን ነገር ለምደውታል። ከቤት እስከ ባቡር ጣቢያ በአንድ ሳይክል ይሄዳሉ፣ ከባቡር ወርደው እስከ ሥራ የሚነዱት ሌላ ያረጀ ሳይክል ደግሞ እዚያ ታስሮ ይጠብቃቸዋል። ያረጀ የሆነው ሌባ እንዳይመኘው ነው። አንቺ የምትፈልጊው ያን ሁለተኛውን ብቻ ነው። ከመናኸሪያ እስከ ፋብሪካሽ 3 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ቀስ ብለሽ ነድተሽ በሩብ ሰዓት ትደርሻለሽ። ላብም አያልብሽም። በቀን የሁለት ባጃጅ ሒሳብ ቀረልሽ ማለት ነው። በወር ስንት እንደሚሆን አንቺው ደምሪው፣ እኔ ታሪፉ ሲለዋወጥ መከታተል ትቻለሁ።

የት ላሳድራት ትዪ ይሆናል። መናኸሪያው አካባቢ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ያለው ደህና ሰው ፈልጊ። ማታ ዘበኛ ካለው ለዘበኛው በወር ቁርጥ ክፈዪ። ስታስሪያት ሰንሰለቱ በጎማውም በብረቷም ውስጥ ይለፍ። ጎማውን ብቻ ካሰርሽ ጠዋት ጎማ ብቻ ነው የምታገኚው።

ስትገዢ በማርሹ ብዛት አትታለዪ፣ ለኮምቦልቻ ማርሽ የሌላትም ትበቃለች። ፍሬኑን ግን ራስሽ ሞክሪ፣ የፊቱንም የኋላውንም። ኮርቻው ላይ ተቀምጠሽ ፔዳሉ ታች ሲሆን ጉልበትሽ ትንሽ ብቻ ይታጠፍ። ኮርቻ ዝቅ ሲል ጉልበት ይበላል፤ ብዙ ሰው «ሳይክል አደከመኝ» የሚለው በዚህ ነው።

ቀሚሱን በተመለከተ፣ ወንዶች የሚንቁት «የሴት ሳይክል» አለ አይደል? ከኮርቻ እስከ መሪ የሚዘልቀው ብረት ወደ ታች የጎበጠው። እሱን ግዢ። ሰንሰለቱ መሸፈኛ ይኑረው። የኋላ ጎማው ላይ ደግሞ ቀሚስ እንዳይገባ መረብ ወይም ጨርቅ አሠሪበት። ሰው ምን ይላል ላልሽው፣ ለአንድ ሳምንት ያዩሻል። በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ወሬ ያገኛሉ።

ከከተማው የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። መናኸሪያው ጥግ ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ መሬት ውስጥ የተቀበረ የብረት ማሰሪያ፣ አንድ ዘበኛ። ይህ ከአንድ መኪና ማቆሚያ ቦታ አይበልጥም፣ አሥር ሳይክል ግን ይይዛል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ሁልጊዜ ስለ አውቶቡስና ስለ እግረኛ ነው የሚጽፉት። እኔ ደሴ ባጃጅ እነዳለሁ። አውቶቡስ በዛ፣ ሳይክል በዛ ሲባል የኛ እንጀራ የት ይሄዳል?

መልስ፦ ቁጣህ ገብቶኛል ልጄ። አብረን እንቁጠር። ባጃጅ በሕጉ 3 ሰው ይጭናል። ሚኒባስ 12። ስለዚህ 60 ሰው ለማንሳት 20 ባጃጅ ወይም 5 ሚኒባስ ያስፈልጋል። አንድ ትልቅ አውቶቡስ ግን ቆሞ የሚሄደውን ጨምሮ ሁሉንም ብቻውን ያነሳል። አሁን ፒያሳን በሥራ መውጫ ሰዓት አስበው። ያ 20 ባጃጅ ተሰልፎ እርስ በርሱ መንገድ ሲዘጋጋ ነዳጅህ የሚነደው ቆመህ ነው። ያ ትርፍ አይደለም።

ደሴ ዋና መንገዷ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መሃል የተዘረጋ አንድ ገመድ ነው። ሰፈሮቹ ከገመዱ ግራና ቀኝ ዳገት ላይ ተሰቅለዋል። ገመዱ የአውቶቡስ ነው። ዳገቱ፣ ኮብልስቶኑ፣ ጠባቡ መታጠፊያ ያንተ ነው፤ አውቶቡስ እዚያ ዝንተ ዓለም አይወጣም። አጭር ምልልስ፣ ሁልጊዜ ሰው ያለበት። እኔ ባጃጅ ቢኖረኝ ይህን ነበር የምመርጠው።

የኛ ትራንስፖርት በሽታው ሌላ ነው። መኪናው የሚነሳው ሲሞላ ነው። መነሻው ላይ ያለው ሰው ትርፍ ሰዓቱን ቁጭ ብሎ ያቃጥላል። መሃል መንገድ ላይ ያለው ደግሞ የሞላ መኪና እያለፈው ይቆማል። ሹፌሩን አትፍረድበት፣ የሚበላው ከሰው ቁጥር ነው። የኮሎምቢያዋ ቦጎታም እንደዚሁ ነበረች። ሹፌሮች ለአንድ ተሳፋሪ ይሽቀዳደሙ ነበር፣ ሕዝቡም «የሳንቲም ጦርነት» ይለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ላይ ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መንገድ ሲከፍቱ አከፋፈሉንም ለወጡት። የአውቶቡሱ ባለቤት በጫነው ሰው ብቻ ሳይሆን በተጓዘው ኪሎ ሜትር ይከፈለው ጀመር። በኪሎ ሜትር ሲከፈለው ለምን ይሽቀዳደማል? ለምን እስኪሞላ ይጠብቃል? እኛም ዘንድ ማኅበራቱን ሰብስቦ በዚህ መንገድ የሚዋዋል ከተማ ቢኖር ሰልፉ ቶሎ ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ። ገንዘቡ ከየት ይምጣ ካልከኝ፣ ደህና ጥያቄ ነው። አንድ መስመር ላይ ተሞክሮ ነው የሚታወቀው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ደሴ ዳገት ናት፣ ብርድ ናት፣ ዝናብ ናት። ሳይክል ለባሕር ዳር ነው። የሚጽፉት ቀልድ አይመስልዎትም? ከአንድ መምህር።

መልስ፦ መምህር፣ ደብዳቤዎ አሳቀኝ። ባሕር ዳር ሜዳ መሆኗ እውነት ነው፣ እኔም እቀናባታለሁ።

ግን እንደገና ቦጎታ ልውሰድዎ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ደሴ ከእሷ ዝቅ ትላለች። እዚያም ይበርዳል፣ እዚያም ይዘንባል። ሆኖም የሳይክል መንገዷ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እሑድ እሑድ ደግሞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ዋና ዋና መንገዶችን ለመኪና ዘግተው ለሕዝብ ይለቋቸዋል። ይህን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። አዲስ አበባም በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብላ ሞክራዋለች። ኖርዌጂያኖችማ ትሮንዳይም ከተማ ውስጥ የሳይክለኛውን እግር ከኋላ እየገፋ ዳገት የሚያወጣ ማሽን ተክለዋል። ቀልድ ከተባለ እሱ ነው።

የደሴ ዋና መንገድ አገር አቋራጭ መኪና የሚያልፍበት ነው፣ ቀኑን ሙሉ ይዘጋ አልልም። ሆጤ ሜዳ ዙሪያ፣ እሑድ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ይሞከር። ልጆች ሳይክል በደቂቃ ተከራይተው የሚማሩበት ቦታ ይኑር። እኛ የተማርነው እንደዚያ ነው፤ አንዱ ይነዳል፣ ሦስቱ ከኋላ እየሮጡ «ደቂቃህ አለቀ!» ይላሉ።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ደሴ ላይ እኔን የጣለኝ ዳገት አይደለም። ክዳን የሌለው የፍሳሽ ቱቦ ነው። ክረምት ነበር፣ ጎርፉ አስፋልቱን ሸፍኖታል፣ ቱቦውና መንገዱ አንድ ሆነዋል። የፊት ጎማዬ ገባ፣ እኔ በመሪው ላይ አለፍኩ። የግራ እጄ አንጓ ዛሬም ዝናብ ሊመጣ ሲል ያስታውሰኛል። አዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ የሳይክል መስመር ስትሠራ አይቻለሁ፣ ጥሩ ነው። እኛ ጋ ሲመጣ ግን መጀመሪያ ቱቦው ይከደን። የሚከደንበት ፍርግርግ ደግሞ ቀዳዳው ወደ መንገዱ አግድም ይሁን፤ በቁመቱ ከሆነ ቀጭን ጎማ ይውጣል። ከመኪናው የሚለየውም የድንጋይ ጠርዝ ይሁን፣ ቀለም ብቻ ከሆነ ባጃጆች በማግስቱ ተራ ይይዙበታል። ከላይ የጻፈልኝ ልጅ ይቅርታ ያድርግልኝ።