አስፋልት ላይ የበቀለው አረንጓዴ በነጭ ጋዝ ይለቃል ወይ?

ጥያቄ፦ እንዴት ናችሁ፣ የምኖረው ባህር ዳር ሽምብጥ ነው። ከበሩ እስከ መኪና ማቆሚያው አስፋልት አስነጥፈን ነበር፣ አሁን ክረምቱ ሲወጣ ማንጎው ስር ያለው በሙሉ አረንጓዴ ሞስ (ላዩ ላይ ተጣብቆ የሚበቅል ትንሽ ተክል) ለብሷል፣ ባለፈው እሁድ እናቴ ከቤተክርስቲያን ስትመለስ አዳልጧት ወደቀች፣ ተመስገን አልተሰበረችም። ጎረቤታችን ነጭ ጋዝ አፍስሱበትና በሽቦ ብሩሽ ፈትጉት አለን። ላድርገው?
እህታችሁ ከሽምብጥ

መልስ፦ እንኳን እናትሽን አተረፈልሽ። ነጭ ጋዙን ግን ተይው እህቴ፣ በጭራሽ! አስፋልት ማለት እኮ በሬንጅ የተጣበቀ ጠጠር ነው፣ ሬንጁ ደግሞ ራሱ ከድፍድፍ ነዳጅ ስለሚወጣ ነጭ ጋዝም ናፍጣም ቤንዚንም ያሟሙታል፣ አረንጓዴው ይለቅልሽና ቆየት ብሎ ጠጠሩ በእግር እየተነሳ ያስቸግርሻል። የሽቦ ብሩሹም ያው ነው፣ የላቫጆ ፕሬዥርም በጣም አስጠግተው ከመቱበት ጠጠሩን ይፈነቅለዋል።

አረንጓዴው እውነተኛ ስር የለውም፣ ላዩን ነው የሚይዘው። ጠዋት አንድ ቁራጭ አንሺና ጨመቅ አድርጊው፣ እንደ ስፖንጅ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ስንጥቁ ውስጥ እየገባ አስፋልቱን የሚጎዳው ይሄ ውሃ ነው። ስለዚህ ዝናቡ ቆሞ ጥቅምት ላይ ፀሐይ ሁለት ሦስት ቀን ያድርቀው፣ ከዛ በፕላስቲክ ስፓቱላ ፍቂና በጠንካራ መጥረጊያ ጥረጊው፣ አብዛኛው በዚሁ ይነሳል። የተነሳውን በጆንያ ሰብስቢ።

እምቢ ላለው አንድ ኩባያ በረኪና በአስር ኩባያ ውሃ በጥብጪና በመጥረጊያ ቀቢው፣ ሩብ ሰዓት ቆይቶ ፈትገሽ በትንሽ ውሃ እጠቢው። ጓንት አድርጊ፣ ከአቼቶ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር እንዳትቀላቅይው አደራ፣ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

አንድ በጣም የሚያሳስበኝ ነገር አለ፣ እናንተ ሰፈር ጣና ቅርብ ነው። በረኪና አሳ ይገድላል፣ ፎስፌት ያለበት ኦሞም ሐይቁ ውስጥ ሲገባ እንቦጭ የሚባለውን የውሃ አረም ይመግበዋል፣ እንቦጩ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ ጀምሮ ገበሬውንም አሳ አጥማጁንም ስንት አንገላቷል። ስለዚህ ኦሞውን ተይው፣ በረኪናውን ዝናብ በሌለበት ቀን ትንሽ ትንሽ ቦታ እየከፈልሽ ሥሪ፣ ቁልቁል ያለውን ዳር በአፈር ገድቢው፣ ወደ ቦዩም ወደ ማንጎው ስርም አይሂድ።

ጥላና እርጥበቱ ካለ ግን ተመልሶ መብቀሉ አይቀርም፣ የማንጎውን የታች ቅርንጫፎች አስከርክሚ፣ አሸንዳው እዛ ላይ የሚያንጠባጥብ ከሆነም አሠሪው፣ ስንጥቁንም በሬንጅ አስደፍኚ። እስከዛው እማማ በሚሄዱበት በኩል አሸዋ በትኚላቸው፣ በተለይ ጠዋት ጠል ሲኖር።