መስኮቱ ይከፈት፣ ጋቢው ይደረብ

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። ታላቅ እህቴ ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ከጀመረች ቆይታለች፤ ደህና ናት። ለቀጠሮ የምትጠብቅበት ክፍል ግን ጠባብ ነው። ሰው ይስላል፣ መስኮቱ ደግሞ ለብርዱ ተብሎ ጥርቅም ተደርጎ ይዘጋል። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሆስፒታል ውስጥ ይተላለፋል ሲባል ሰምታ «ሁለተኛ አልሄድም» ብላለች። ምን ልበላት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እህትህ በከንቱ አልፈራችም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ቱጌላ ፌሪ በምትባል የገጠር ከተማ፣ በ2005 እና 2006 እ.ኤ.አ.፣ እጅግ ብዙ መድኃኒቶችን የተላመደ ቲቢ 53 ሰዎች ላይ ተገኘ። 52ቱ ሞቱ። ኤችአይቪ የተመረመሩት በሙሉ ቫይረሱ ነበረባቸው። ከግማሽ በላዩ ከዚያ በፊት የቲቢ መድኃኒት ቀምሰው አያውቁም፤ ብዙዎቹ ግን ሆስፒታል ተኝተው ነበር። በሽታውን በትንፋሽ ከሌላ ሰው ነው የወሰዱት።

ቢሆንም ቀጠሮዋን እንዳትቀር። መድኃኒቱን ካቋረጠች ለቲቢ ይበልጥ ትጋለጣለች።

የክፍሉ መፍትሔ መስኮቱ ነው። በፔሩ ዋና ከተማ ሊማ ሆስፒታሎች ተለክተው ነበር። በርና መስኮት ሲከፈት አየሩ በሰዓት 28 ጊዜ ያህል ይቀየራል። በማሽን አየር የሚገባላቸው ክፍሎች 12 ላይ ቀርተዋል። የደብረ ብርሃን የጥቅምት ብርድ አጥንት እንደሚሰብር አውቃለሁ። ተረኛ ሆኜ የከፈትኩትን መስኮት ዞር ስል ተዘግቶ አገኘዋለሁ። «ብርድ ይመታናል» ይሉኛል። ቲቢን ግን ብርድ አያመጣውም። ጋቢ ይደረብ፣ በርኖስ ያለው በርኖሱን ይልበስ፣ መስኮቱ ይከፈት!

እህትህ ካርዷን ሰጥታ ደጅ ፀሐይ ላይ ትቀመጥ፤ ሲጠሯት ትግባ። የሚያስል ሰው ማስክ ተሰጥቶት ቀድሞ ይታይ። ወረፋ የያዘው ሰው ሲያጉረመርም ያናድደኛል፤ የሚያስለው ቶሎ ከወጣ የሚተርፈው እኮ እሱ ራሱ ነው።

ደህና ከሆነች ደግሞ የስድስት ወር መድኃኒት ባንዴ መውሰድ ትችል እንደሆነ ትጠይቅ፤ ሆስፒታል መመላለሱ ይቀንስላታል። የቲቢ መከላከያ ክኒን ወስዳ ካላወቀች እሱንም ታንሳባቸው።

ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክሳት ከመጣባት ግን ቀጠሮ አትጠብቅ። «ሳል ሁለት ሳምንት ሲሞላው» የሚባለው ለእሷ አይሠራም፤ በጀመራት ቀን ትሂድ። አክታዋ በጂን ኤክስፐርት ይታይላት። መሣሪያው ቲቢ መኖሩንና ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና የቲቢ መድኃኒት መላመዱን በሁለት ሰዓት ገደማ ይለያል።