ፎርማኑ ከእኔ በላይ ያውቃል፤ ምን ብዬ ልዘዘው?

ጥያቄ፦ የተከበሩ አዘጋጅ፣ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሲቪል ምህንድስና ትምህርቴን አጠናቅቄ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፌ ከተመረቅሁ ስምንት ወር ሆኖኛል። ያየኋቸው የሥራ ማስታወቂያዎች በሙሉ ቢያንስ የሁለት ዓመት ልምድ ስለሚጠይቁ እስካሁን አልተሳካልኝም። አሁን እዚሁ ጅማ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ የሚሠራ አንድ አነስተኛ ኮንትራክተር በሳይት መሐንዲስነት ሊቀጥረኝ ፈቃደኛ ሆኗል፤ ደመወዙ ግን ከጠበቅሁት በጣም ያነሰ ነው። አዲስ አበባ ያለው አጎቴ «በዚህ ደመወዝ ጭቃ ከምትረግጪ ሁለተኛ ዲግሪሽን ቀጥዪ» ይለኛል። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ፎርማኑ ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ሲሆን፣ እኔ ኮንክሪት ሲሞላ ያየሁት ኢንተርንሺፕ በወጣሁበት ጊዜ ብቻ ነው። ከእኔ በላይ የሚያውቀውን ሰው ምን ብዬ ልዘዘው? ምክርዎን እጠብቃለሁ።

አንባቢ፣ ከጅማ

መልስ፦ ውድ እኅቴ፣ ሥራውን ተቀበዪ እላለሁ። ነገር ግን ከመጀመርሽ በፊት፣ ስለ ደመወዙ ከምትከራከሪው ይልቅ ስለ ውሉ አጥብቀሽ ተከራከሪ። የሥራ መደብሽ «ሳይት መሐንዲስ» ተብሎ በጽሑፍ ይስፈር፤ ከደመወዝሽ የሥራ ግብር እየተቆረጠ ገቢ ይደረግ፤ የጡረታ መዋጮውም፣ 7 በመቶ ከአንቺ 11 በመቶ ከአሠሪሽ፣ በስምሽ ይግባ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛ ሲቀጥሩ ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ይጠይቃሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዝናብና ፀሐይ ተፈራርቆባቸው ከሠሩ በኋላ፣ ይህ ማስረጃ ስለሌላቸው ብቻ ልምዳቸው ያልተያዘላቸው ወጣቶች አውቃለሁ፤ ነገራቸው እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው፣ ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ፣ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። የሙከራ ጊዜሽም ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም።

ወደ ፎርማኑ ልምጣ፤ ደብዳቤሽን ደጋግሜ እንዳነብ ያደረገኝ ይህ ጥያቄሽ ነው። ሥራ በጀመርሁበት ዓመት፣ ክረምት ላይ ሶሌታ፣ ማለትም የፎቁን የኮንክሪት ወለል፣ ስናስሞላ፣ የሚክሰሩ ሠራተኛ ውኃውን በዓይኑ እየገመተ በባልዲ ሲጨምር አየሁ። ፎርማኑ ምንም ስላላለ፣ «ልምዱ የእርሱ ነው» ብዬ እኔም ዝም አልሁ። ከዚያ ሙሌት ለጥንካሬ ምርመራ የተወሰዱት የኮንክሪት ናሙናዎች (ኩቦች) በ28ኛው ቀን ሲጨመቁ ከሚፈለገው ጥንካሬ በታች ሆኑ፤ ሶሌታው እስኪመረመርም ሥራው በሙሉ ቆመ። ያን ቀን ልናገረው ይገባኝ የነበረው ነገር ግን ተራ ስሌት ነበር። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ነው፤ ውኃው የሲሚንቶው ግማሽ እንዲሆን ከተወሰነ 25 ሊትር ይበቃዋል። ከከረጢቱ ጋር የሚገባው 100 ኪሎ ገደማ አሸዋ ዝናብ መትቶት 5 በመቶ ርጥበት ከያዘ፣ 5 ሊትር ውኃ ከአሸዋው ጋር አብሮ ስለሚገባ፣ በባልዲ የሚጨመረው 20 ሊትር ብቻ መሆን አለበት። ይህ ካልተደረገ ውኃው ከሲሚንቶው ግማሽ ወደ ስድስት አሥረኛው ከፍ ይላል፤ ኮንክሪቱ ለመሙላት ይቀላል፣ ጥንካሬው ግን ይወርዳል። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚጥልባት ጅማ ይህ ስሌት ዘወትር ያስፈልግሻል።

ፎርማኑ ዝናብ የመታው አሸዋ እንደሚያስቸግር ከአንቺ ይልቅ ያውቃል፤ በስንት ሊትር እንደሚቀነስ ማስላቱና መመዝገቡ ግን የአንቺ ድርሻ ነው። ስለዚህ ጠዋት ሙሌቱ ሳይጀመር ቀረብ ብለሽ፣ «ጋሼ፣ አሸዋው ማታ ዝናብ መትቶታል፤ ውኃውን በአምስት ሊትር ብንቀንሰው ምን ይላሉ?» በዪው። እንዲህ የጠየቀውን ወጣት የሚያሳፍር ፎርማን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። በምላሹም የፌሮ አስተሳሰሩን፣ የድጋፍ እንጨቱ የት ላይ እንደሚላላ፣ ዲዛይን ላይ የማይገኘውን ብዙ ነገር ያሳይሻል። ማታ ማታ ቀኑን፣ የአየሩን ሁኔታ፣ የገባውን ሲሚንቶ ብዛትና የኩቦቹን ቁጥር በራስሽ ደብተር ጻፊ፤ ከዓመት በኋላ ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቢ ያን ደብተር ይዘሽ ግቢ።

ሕንፃው ገና መሠረቱ እየተቆፈረ ከሆነ ደግሞ ዕድለኛ ነሽ። በጅማ ዋልካ አፈር ያለባቸው ቦታዎች አሉ፤ ዋልካ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ በላዩ ያረፈውንም ግንብ ይዞ ይሰነጥቃል። የአፈር ምርመራ ሪፖርቱን ጠይቀሽ፣ የጉድጓዱ ወለል ሪፖርቱ ከሚለው አፈር ጋር መግጠሙን ወርደሽ በዓይንሽ እዪ።

አጎትሽ ስለ ሁለተኛ ዲግሪ ያነሱት ለአንቺ አስበው ነው፤ በአክብሮት አመስግኛቸው። ይሁን እንጂ ከስትራክቸር፣ ከአፈር ምህንድስናና ከኮንስትራክሽን ማኔጅመንት የትኛው እንደሚስብሽ ለማወቅ ሁለት ዓመት ሳይት ላይ መዋል ይረዳሻል፤ ያኔ ማስተርሱን ብትጀምሪ የመመረቂያ ጽሑፍሽን ርዕስ ከራስሽ ሥራ ታገኚዋለሽ። ኮንትራክተሩ የሥራ መደብሽንና ግብሩን በጽሑፍ አላሰፍርም ካለሽ ግን፣ ደመወዙን ቢጨምርልሽም ሥራውን አትጀምሪ።