ሊኑክስ ላይ ዋይፋይ ሲቆራረጥ፣ ፎርማት ከማድረግሽ በፊት

እህቴ ጥያቄሽን አየሁት። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝተሽ ኡቡንቱ 24.04 የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጭነሽበታል፣ ዋይፋዩ ይገናኛል፣ ምልክቱም ሙሉ ሆኖ ይታያል፣ ትንሽ ቆይቶ ግን ምንም ገጽ አልከፍትም ይላል፣ ስልክሽ ደግሞ እዛው ጎኑ ሆኖ ይሰራል። ከላይ ሁለት ሰዎች ፎርማት አድርጊው ብለውሻል። እባክሽ እንዳታደርጊው። እኔ ልክ እንዳንቺ ሆኖብኝ የመመረቂያ ጽሑፌን በምጽፍበት ሰሞን ሶስት ጊዜ ፎርማት አድርጌያለሁ፣ ሶስቴም ያው ችግር ተመልሶ መጣ፣ ምክንያቱም የሚያስቸግረው ሴቲንግ ከኡቡንቱው ጋር አብሮ የሚጫን ነው።

መጀመሪያ የቱ ጋ እንደሚቆረጥ እወቂ። ከላፕቶፕሽ እስከ ራውተሩ ነው ወይስ ከራውተሩ ወዲያ? ስልክሽን ለማነጻጸሪያ ከመውሰድሽ በፊት ዳታውን አጥፊው፣ ብዙ ስልክ ዋይፋይ ሲደክም ሳይነግርሽ ወደ ዳታ ይዞራል፣ አንቺ ዋይፋዩ ይሰራል ብለሽ ላፕቶፑን ትወቅሺያለሽ። ከዛ ተርሚናል (ኮማንድ የሚጻፍበት መስኮት) ክፈቺና «አይፒ ራውት» በይ፣ ኮማንዶቹን እንደሚነበቡ ነው የምጽፍልሽ አንቺ በእንግሊዝኛ ትናንሽ ፊደላት አድርጊያቸው። መጀመሪያ መስመር ላይ «ዲፎልት ቪያ» ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቁጥር የራውተሩ አድራሻ ነው፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይ 192.168.100.1 ይሆናል። እሱን ፒንግ አድርጊው (ፒንግ አጭር መልእክት ልኮ መልሱ በስንት ሚሊሰከንድ እንደመጣ የሚያሳይ ኮማንድ ነው፣ «ፒንግ» ብለሽ አድራሻውን ጨምሪ)ና ተርሚናሉን ሳትዘጊ ስራሽን ቀጥዪ፣ ኢንተርኔቱ ሲቆምብሽ ፒንጉን እዪው። ራውተሩ በ2 በ3 ሚሊሰከንድ እየመለሰ ኢንተርኔት ከሌለ ላፕቶፕሽ ምንም አልሆነም፣ መስመሩ ነው ወይ ዲኤንኤሱ (የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው) ነው። ራውተሩም የማይመልስ ከሆነ ግን እዚሁ ቤት ውስጥ ያለ ችግር ነው፣ እሱን ማስተካከል ይቻላል።

የኔ ላይ ያየሁትን ልንገርሽ። ፒንጉ በሚሊሰከንድ 2፣ 3፣ 2 ሲል ቆየና እጄን ከኪቦርዱ አንስቼ ማንበብ ስጀምር 94፣ 180፣ 310 እያለ ወጣ፣ ከዛ ለሰባት ስምንት ሰከንድ ጸጥ አለ፣ አንድ ፋይል ማውረድ ስጀምር ደግሞ ወዲያው ወደ 3 ተመለሰ። ስራ ሲበዛበት ደህና፣ ዝም ሲባል የሚደክም ማለት ነው፣ ይሄ የፓወር ሴቭ፣ የባትሪ ቁጠባው፣ ምልክት ነው። ራውተሩ በየ100 ሚሊሰከንዱ ገደማ ቢከን የሚባል አጭር መልእክት ይልካል፣ የዋይፋይ ካርዱ ባትሪ ለመቆጠብ በመሀል ይተኛና ቢከኑ ሲመጣ ነቅቶ የመጣልኝ ነገር አለ ወይ ብሎ ያያል። አብዛኛው ካርድ ይሄን በደንብ ይሰራዋል፣ አንዳንዱ ግን ከአንዳንድ ራውተር ጋር አይጣጣምም፣ መንቃት ባለበት ሰዓት አይነቃም፣ ራውተሩም ይሄ ሰውዬ ሄዷል ብሎ ያወጣዋል።

ለሙከራ «ሱዶ አይደብልዩ ዴቭ» ብለሽ የካርድሽን ስም ጨምሪ፣ ደብልዩኤልፒ ብሎ የሚጀምረው ነው፣ ከዛ «ሴት ፓወር ሴቭ ኦፍ»፣ ፓወርና ሴቭ መሀል ክፍት ቦታ ሳይሆን ከታች ሰረዝ ነው ያለው። ፒንጉ ከተረጋጋ አገኘሽው። ይሄ ግን ሪስታርት ስታደርጊ ይጠፋል፣ ለዘለቄታው ኢቲሲ ውስጥ ኔትወርክማናጀር የሚል ፎልደር አለ፣ እሱ ውስጥ ኮንፍ ዶት ዲ፣ እዛ ስሙ ዲፎልት ዋይፋይ ፓወርሴቭ ኦን የሚል ፋይል ታገኛለሽ፣ ውስጡ ያለውን 3 ወደ 2 ቀይሪና ሴቭ አድርገሽ ሪስታርት። በቃ። 3 ማለት ይተኛ፣ 2 ማለት አይተኛ ነው። ባትሪሽ ትንሽ ቶሎ ያልቅ ይሆናል፣ እኔ ግን ልዩነቱን ልብ ብዬው አላውቅም።

እሱ ካልሆነ ሎጉን (ሲስተሙ የሚሆነውን የሚመዘግብበትን) እዪ፣ «ጆርናልሲቲኤል» ብለሽ ሰረዝ ኬ ሰረዝ ኤፍ፣ ክፍቱን ተዪውና ሲቆረጥ ምን እንደሚጽፍ ጠብቂ። ዲኦተንቲኬትድ (ግንኙነቱ ተቋርጧል) ብሎ ሪዝን 4 ካለ ራውተሩ እንቅስቃሴ አላየሁም ብሎ ነው ያስወጣሽ፣ 15 ካለ ቁልፍ ሲለዋወጡ አልተግባቡም፣ ፓስወርዱን አጥፍተሽ እንደገና አስገቢ። ፈርምዌር (ካርዱ ራሱ የሚሰራበት ፕሮግራም) አልተጫነም የሚል መስመር ካለ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ትተሽ ስልክሽን በኬብል ሰክተሽ ዩኤስቢ ቴተሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት በኬብል ማካፈያ) ክፈቺና አፕዴት አድርጊ፣ ሊኑክስ ላይ ብዙ ጊዜ ሌላ ድራይቨር ሳትጭኚ ይሰራል።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፣ አክስቴ ቤት ነው ያገኘሁት። አንዳንዴ መብራት ሄዶ ሲመጣ ኔትወርኩ ከላፕቶፑ ሊስት ላይ ይጠፋል፣ ስልኩ ግን ያየዋል፣ አንዳንዴ ደግሞ መብራቱ ሄዶ ሲመጣ ይመለሳል። ለካ ራውተሩ ቻናሉ (ዋይፋዩ የሚሄድበት የሞገድ መስመር) አውቶ ላይ ስለሆነ በተነሳ ቁጥር ሌላ ቻናል ይመርጣል፣ 13 ላይ ያረፈ ቀን ላፕቶፑ አያየውም። ከአሜሪካ የመጣ ላፕቶፕ ነው፣ እዛ ደግሞ 12 እና 13 ስለማይጠቀሙባቸው ካርዱ ሲሰራ ተዘግተውበታል። «አይደብልዩ ሬግ ጌት» ስትዪ ካንትሪ ዩኤስ ካለሽ ይሄን ጠርጥሪ። ላፕቶፑ ላይ አገሩን ብትቀይሪም ካርዱ ላይ የተዘጋውን አይከፍተውም፣ ራውተሩ ላይ ገብተሽ ቻናሉን 1፣ 6 ወይ 11 ላይ አስሪው፣ ሶስቱ እርስ በርስ አይነካኩም።

ምልክቱ ራውተሩ አጠገብ ቆመሽም ደካማ ከሆነ ሌላ ነው። «አይደብልዩ ዴቭ» የካርዱ ስም «ሊንክ» ስትዪ ሲግናል ይነግርሻል፣ ከዜሮ በታች 50 ጥሩ ነው፣ 80 ከሆነ ሞቷል። «ኤልኤስፒሲአይ» (የላፕቶፑን ካርዶች የሚዘረዝር ኮማንድ ነው) ብለሽ ካርዱ አርቲኤል8723ቢኢ ከሆነ፣ አንዳንድ ላፕቶፕ ሰሪዎች ሁለት አንቴና በሚሰካበት ካርድ ላይ አንድ ብቻ ሰክተው የትኛው እንደሆነም በትክክል አልመዘገቡበትም፣ ድራይቨሩ (ካርዱን ከሊኑክስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ያልተሰካውን ይመርጣል። ሞድፕሮብ ዶት ዲ ፎልደር ውስጥ አንድ ፋይል ክፈቺና ኦፕሽንስ፣ የድራይቨሩ ስም፣ አንት ሴል እኩል ይሆናል 2 ብለሽ ጻፊ፣ እዚህም አንትና ሴል መሀል ከታች ሰረዝ ነው፣ ሪስታርት፣ ካልሆነ 1 ሞክሪ። እንደዚህ አይነት ካርዶች ሊኑክስ ላይ እንዲሰሩ ለዓመታት የደከሙት ላሪ ፊንገር የሚባሉ ሰው ናቸው፣ በ2024 አርፈዋል፣ በፈቃደኝነት ስንቱን ሰው እንደረዱ ሳስበው ሁሌ ይገርመኛል፣ ነፍሳቸውን ይማር።

ዊንዶውስም አብሮ ካለ ፋስት ስታርትአፑን (ዊንዶውስ ቶሎ እንዲነሳ የሚያደርገውን ሴቲንግ) አጥፊው፣ ካርዱን ግማሽ እንደተኛ ሊተወው ይችላል። ዩኤስቢ 3 ሃርድ ዲስክ ከላፕቶፑ ጎን ሰክተሽ ከሆነ ነቅለሽ እዪው፣ 2.4 ጊጋኸርዝን ይረብሻል፣ የብሉቱዝ ኢርፎንም እዛው ባንድ ላይ ነው ያለው፣ ራውተርሽ 5 ጊጋኸርዝ ካለው ወደሱ ግቢ። ከአፕዴት በኋላ የጀመረ ከሆነ ደግሞ ሲነሳ ከግሩብ ሜኑ (ላፕቶፑ ሲነሳ ከሚመጣው መምረጫ) የበፊቱን ከርነል፣ የሊኑክሱን ዋና ክፍል፣ መርጠሽ ሞክሪ።

ሁሉንም ባንዴ እንዳትነካኪ ግን፣ አንዱን ቀይሪ ግማሽ ቀን ስሪበት፣ ካልሆነ መልሰሽ ሌላውን። የፒንጉን ስክሪንሾትና ሲቆረጥ ሎጉ የጻፈውን መስመር ከካርዱ ስም ጋር እዚሁ ስር አድርጊልኝ፣ ማታ ከስራ ስወጣ አየዋለሁ።