«ሥራ» የሚለውን መስመር ባዶ አትተዉት

ልጆቼ፣ ዘንድሮ ተመርቃችሁ ደሴና ኮምቦልቻ ለምትመደቡ ሐኪሞች ነው የምጽፈው።

ወጣት ሐኪም ሳለሁ አንዲት የፈተላ ሠራተኛ ትመላለስብኝ ነበር። «ሰኞ ሰኞ ደረቴን ጭምድድ አድርጎ ይይዘኛል፤ ሐሙስ ሲደርስ ቀለል ይለኛል» ትለኛለች። ሻሿ ጠርዝ ላይ የጥጥ ብናኝ ተጣብቆ ዓይኔ እያየ አስም ነው ብዬ መድኃኒት ጻፍኩላት። ራጇ ደህና ነበር። በአራተኛው ቀጠሮ መጨነቄን አይታ ነው መሰለኝ «አብሽር ዶክተር፣ ይሻለኛል» አለችኝ። አልተሻላትም። ያለ ምንም ካሳ ሥራዋን ለቀቀች። ካርዷ ላይ «ሥራ» የሚለውን መስመር ባዶ የተውኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

በሽታው ቢሲኖሲስ ይባላል። የጥጥ ብናኝ የሚያመጣው ሲሆን ከዕረፍት በተመለሱበት ቀን ይብሳል። ራጅ ለብቻው አይነግራችሁም። ሰኞ ከፈረቃዋ በፊትና በኋላ ትንፋሿን ብለካ ልዩነቱን ባገኘሁት ነበር።

በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ በሥራ ምክንያት የሚመጡ በሽታዎች በመመሪያ በሚወጣ ሠንጠረዥ ይዘረዘራሉ። የተዘረዘረ በሽታ በዚያ ሥራ ላይ ያለን ሰው ሲይዘው፣ ከሥራው እንደመጣ ይገመታል። ያልተዘረዘረ ከሆነ ግን ማስረዳቱ የታማሚው ዕዳ ነው። እንግዲህ ምን ይግባ፣ ምን ይቅር የሚለውን ለመንግሥት የሚመክረው ሐኪም ብዙ ሸክም አለበት።

በምን ይመዝናል? በእንግሊዝ ሳይንቲስቶች ከአሠሪና ከሠራተኛ ተወካዮች ጋር የሚቀመጡበት አማካሪ ምክር ቤት አለ። ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው፣ በሽታው በሠራተኞቹ ላይ ከሌላው ሰው ከእጥፍ በላይ ይታያል ወይ ብሎ ነው። ከሌላው ሕዝብ ከመቶው አምስት ቢታመም፣ ከሠራተኞቹ ደግሞ ከመቶው አሥራ ሁለት ቢታመሙ፣ ከአሥራ ሁለቱ አምስቱ ያለ ሥራውም መታመማቸው አይቀርም ነበር፤ ሰባቱ ግን የሥራው ናቸው። ስለዚህ ከፊታችሁ የቆመው ታማሚ በሥራው የታመመ መሆኑ ያመዝናል። ለሠራተኛው ማዘናችሁ ይህን ስሌት አይተካም፤ የአሠሪ ግፊትም ሊያስቀረው አይገባም። መስፈርት ሲጠብ ማን እንደሚጎዳም እዩ፦ እ.ኤ.አ. በ1940 የወጣው የእንግሊዝ የቢሲኖሲስ ሕግ ካሳ የፈቀደው ለወንዶች ብቻ፣ ያውም 20 ዓመት በብናኙ ውስጥ ለሠሩት ነበር። የእኔዋ ታማሚ በሁለቱም አታልፍም።

ዓመታት አልፈው ባለሙያ ነህ ተብዬ አስተያየት ስጠየቅ የድሮ ካርዶችን አስወጣሁ። አስም፣ ብሮንካይት፣ አስም። ማን ፈታይ፣ ማን ገበሬ እንደሆነ የሚለይ ነገር የለም። ልቆጥር ብዬ ተቀምጬ የምቆጥረው አጣሁ።

እናም «ፋብሪካ» ብላችሁ አትለፉ። ካርዲንግ (ጥጥ ማበጠር) ነው፣ ፈተላ ነው ወይስ ሽመና? ስንት ዓመት? ከዚያ በፊትስ? ያጨሳሉ ወይ? ቤት ውስጥ በእንጨት ነው በኩበት የሚያበስሉት? ይህን የመጨረሻውን አደራ እንዳትረሱት፤ ነገ አንድ ሰው ሳንባዋን የጎዳው የጓዳዋ ጭስ ነው ብሎ ሲከራከር መልሱ ካርዱ ላይ መገኘት አለበት።