ትራይፖድ ከመግዛትህ በፊት ይቺን አንብብ

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት። ከሥራ የምታርፈው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው፣ ካሜራህን ይዘህ ስትወጣ ጥበቃዎች ያስቆሙሃል፣ መንገደኛው ያፈጥብሃል፣ ቤት ገብተህ ስታየው ደግሞ ካነሳኸው ፎቶ ግማሹ ደብዝዟል። "ስለዚህ ጥሩ ትራይፖድ ጠቁሙኝ" ብለሃል፣ ባለ ሦስት እግሩን የካሜራ መቆሚያ ማለትህ ነው። ከላይ የመለሱልህ ሁሉ የትራይፖድ ዓይነት እየደረደሩልህ ነው። እኔ ግን አትግዛ ልልህ ነው የመጣሁት። ቢያንስ አሁን አትግዛ። ድብዘዛውን አይፈታልህም፣ የጥበቃውን ጣጣ ደግሞ ያባብስብሃል።

እኔም እንዳንተው ነኝ። ፎቶ መተዳደሪያዬ አይደለም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጬ እውልና ቅዳሜ ጠዋት ቦርሳዬን አንጠልጥዬ የምወጣ ሰው ነኝ። ስለዚህ የምነግርህ ባለሙያ የሚለውን አይደለም፣ በራሴ ላይ የደረሰውን ነው።

1ኛ. ድብዘዛው። መቼም ካሜራህን አውቶ ላይ አድርገህ ነው የምታነሳው። አውቶ ብርሃን ሲያንሰው ሻተሩን፣ ማለትም ብርሃን ለማስገባት ተከፍቶ የሚዘጋውን መጋረጃ ያዘገየዋል፣ አንተ ደግሞ በእጅህ ነው የያዝከው። ደንቡ ቀላል ነው፤ የሻተር ፍጥነትህ ሌንስህ ላይ ከተጻፈው ሚሊሜትር አይነስ። ሌንስህ 50 ሚሊሜትር ከሆነ 1/50 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ። ካሜራህ አነስ ያለ ሴንሰር (ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) ያለው፣ ኤፒኤስ-ሲ የሚሉት ከሆነ ሚሊሜትሩን በ1.5 አባዛውና 1/80 አድርገው። ይሄ ግን የእጅህን መንቀጥቀጥ ብቻ ነው የሚያድንህ። ሰው እየተራመደ ከሆነ 1/250፣ ልጅ እየሮጠ ከሆነ 1/500 እና ከዚያ በላይ ያስፈልግሃል። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ ብታቆመው የሚሮጠው ልጅ አይቆምልህም! ሌንሱ ወይም ካሜራው ውስጥ ያለው የመንቀጥቀጥ መከላከያም እንደዚያው ነው፤ የሚያረጋጋው ያንተን እጅ እንጂ ልጁን አይደለም።

ታዲያ ምን ታደርጋለህ? አይኤስኦ ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት ነው፤ አውቶ አይኤስኦ የሚለው ውስጥ ግባና ዝቅተኛውን የሻተር ፍጥነት 1/250 ላይ ቁረጠው። ከፍተኛውን አይኤስኦ 3200 ወይም 6400 ፍቀድለት። "ኖይዝ ይበዛል"፣ ማለትም ፎቶው ላይ ጥቃቅን ነጠብጣብ ይበዛል ብለው የሚያስፈራሩህን ተዋቸው። ኖይዝ ያለበትን ፎቶ ሰው ያየዋል፣ ይወደዋልም። ዓይኑ የደበዘዘ ፊት ግን ማን ያያል?

2ኛ. ጥበቃዎቹ። ጥበቃን ካሜራ ያን ያህል አያስደነግጠውም። በዚህ ዘመን ካሜራ የሌለው ኪስ የለም። ይበልጥ የሚያስነሳው ሦስቱ እግር ነው። ትራይፖድ የዘረጋህ ዕለት ከተራ ጎብኚነት ወጥተህ "ቀረጻ ላይ ያለ ሰው" ሆነሃል። ብዙ ሙዚየሞች በእጅ ይዘህ ያለ ፍላሽ እንድታነሳ ይፈቅዱልህና ትራይፖድ ሲያዩ በር ላይ ያስቀሩብሃል። ሰው ያደናቅፋል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ደግሞም ለንግድ ነው ብለው ነው የሚጠረጥሩት። እውነታቸውን ነው፣ በመከልከላቸው አልፈርድባቸውም። የምፈርደው በቢሮዎቹ ነው።

እስቲ ልንገርህ። አንድ የእጽዋት መናፈሻ አለ፣ ስሙን አልጠራም። መግቢያ ከፍዬ ገባሁ። በሩ ላይ ፎቶ ማንሳት እንደሚቻል ተጽፎ ተለጥፏል። ማለዳ ነው፣ ኩሬው ላይ ስስ ጉም ተኝቷል፣ ብርሃኑ ገና መምጣቱ ነው። በእጄ ጥቂት አነሳሁና ሻተሩን ረዘም ላለ ጊዜ ከፍቼ ውሃውን ላለስልሰው ብዬ ትራይፖዴን አወጣሁ። ሁለተኛውን እግር ዘርግቼ ሳልጨርስ ጥበቃው አጠገቤ ቆሟል። ሰውዬው ጨዋ ነው፣ አልዋሽም። "ይቅርታ ጌታዬ፣ ይሄኛው ፈቃድ ይፈልጋል፣ ቢሮ ይጠይቁ" አለኝ። እሺ ብዬ ሄድኩ።

ቢሮ የተቀመጠችው ሴትዮ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል ቅጽ ገፋችልኝ። የድርጅቱ ስም ይላል። የፊልሙ ርዕስ ይላል። የቀረጻ ቡድኑ አባላት ብዛት። የጄኔሬተሩ ኃይል በኪሎዋት። የመድን ማስረጃ ይያያዝ። እኔ ብቻዬን ነኝ፣ ትከሻዬ ላይ አንዲት ቦርሳ አለች፣ በቃ!

"ድርጅት የለኝም፣ በትርፍ ጊዜዬ ነው የማነሳው" አልኳት።

"ድርጅት የሌለው ቅጹን መሙላት አይችልም።"

"ታዲያ ፈቃዱን እንዴት ላግኝ?"

"ቅጹን ሞልተህ።"

አልቀለድኩም፣ ቃል በቃል እንዲህ ነው ያለችኝ። እኔም እልህ ያዘኝና ሞላሁት። የቡድኑ አባላት፣ 1። ጄኔሬተር፣ የለም። የፊልሙ ርዕስ የሚለው ላይ "ኩሬ" ብዬ ጻፍኩ። ይሄኔ የክፍሉ ኃላፊ ከውስጥ ወጣ። ቅጹን አየና ፊቱ ተቀያየረ፣ የቀለድኩበት መስሎታል። "እስካሁን ያነሳኸውን አሳየኝ" አለኝ። ላሳየው ካሜራውን ዘርጋ ሳደርገው ከእጄ ወሰደው። አውራ ጣቱን አየዋለሁ፣ ሜኑውን ያውቀዋል፣ ምናልባት ቤቱ ተመሳሳይ ካሜራ አለው። "ሁሉንም አጥፋ" የሚለው ላይ ቆመ፣ ተጫነው። ስክሪኑ ላይ ያለችው መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ሞልታ ስትጨርስ ካሜራዬን መለሰልኝና "አሁን መሄድ ትችላለህ" አለኝ።

ካርዱ ላይ የኩሬው ፎቶ ብቻ መስሎታል። የዋዜማው ማታ የአያቴ ልደት ነበር። ከየአቅጣጫው የተሰበሰቡ የልጅ ልጆቿ በሙሉ አንድ ሶፋ ላይና ሥር ተደራርበው የተነሱት ፎቶ እዚያው ካርድ ላይ ነበር። ደሜ ፈላ። ግን ልሳደብ አፌን ስከፍት አንድ ነገር ትዝ አለኝና ዝም አልኩ። አንተም ይህቺን ነገር ከምንም በላይ ያዛት።

ካሜራ ውስጥ "አጥፋ" ስትለው ብዙውን ጊዜ ፎቶው ራሱ ወዲያው አይጠፋም። ካርዱ ቦታውን "ነጻ ነው" ብሎ ይመዘግበዋል እንጂ ውስጡ ያለው እንዳለ ይቀመጣል። የሚጠፋው አዲስ ፎቶ በላዩ ላይ ሲጻፍበት ነው። ስለዚህ እንዲህ ሲደርስብህ አንድም ፎቶ አትጨምርበት። ካርዱን አውጣው። የኤስዲ ካርድ ከሆነ ጎኑ ላይ ትንሽዬ መቆለፊያ አለች፣ "LOCK" ወደሚለው በኩል ጎተት አድርጋት፣ ከዚያ በኋላ መጻፍ አይቻልበትም። ቤት ስትገባ ፎቶሬክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። መልኩ አያምርም፣ ጥቁር መስኮት ላይ ጽሑፍ ብቻ ነው፣ ግን ይሠራል። ያገኘውን ወደ ሌላ ዲስክ እንዲያስቀምጥ እዘዘው፣ ወደዚያው ካርድ በፍጹም እንዳታስቀምጥ! የፋይሎቹ ስም አይመለስም፣ ሁሉም የተዘበራረቀ ቁጥር ሆኖ ይመጣል፣ በተነሱበት ሰዓት ደርድራቸው። እኔ ያን ቀን ከሰዓት ኮምፒውተሩ ሥር ተጎልቼ ዋልኩ። ከአያቴ ፎቶ አንድም የጎደለ የለም። ኃላፊው ይህን ባነበበልኝ! የኩሬው ፎቶም አብሮ መጥቷል፣ ለኔው ነው ያስቀመጥኩት።

እንግዲህ 3ኛ ብዬ ልጽፍ የነበረው "ሁለት ካርድ ያዝ" የሚል ነበር። የቤት ፎቶ ለብቻው፣ የውጪው ለብቻው። ካሜራህ ሁለት የካርድ ቦታ ካለው ሁለቱም ላይ እንዲጽፍ አድርገው። ከዚህ በላይ የማስምርልህ ግን ማሰሪያውን ነው። የካሜራህን ማሰሪያ ከአንገትህ አታውልቅ። አሳየኝ ካሉህ አንተው ይዘህ፣ አንተው እያገላበጥክ አሳይ። ከእጅህ ካልወጣ ማንም "ሁሉንም አጥፋ" ላይ አይደርስም። ደግሞ አትጨቃጨቅ። የግል ግቢ ከሆነ አታንሳ ካሉህ አታንሳ፣ መብታቸው ነው። ምን ማዘዝ እንደሚችሉ ሕጉ ከአገር አገር ስለሚለያይ ያንተን አገር ሕግ አስቀድመህ አንብበው፣ በር ላይ ቆመህ የምትከራከርበት ነገር አይደለም።

ፈቃድ የሚፈልግ ቦታ ከሆነ ቅጽ አትጠብቅ፣ ኢሜይል ጻፍላቸው። ከሦስት መስመር አይብለጥ። ማን እንደሆንክ፣ ለግል እንጂ ለንግድ እንዳልሆነ፣ ምን ይዘህ መቼ እንደምትመጣ። "ብቻዬን ነኝ፣ መብራትም ረዳትም የለኝም" የምትለዋን እንዳትረሳ፣ ልባቸውን የምታራራው እሷ ናት። እኔ ከዚያ ጉድ በኋላ ለሌላ መናፈሻ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ለጎብኚ ከመከፈቱ በፊት ግባ አሉኝ! ብቻዬን፣ ትራይፖዴን ዘርግቼ፣ ማንም ሳይነካኝ። መልሱን ስልክህ ላይ ስክሪንሻት አድርገህ ያዘው፣ ኔትወርክ የሚጠፋው በር ላይ ስትደርስ ነው።

ይህን ሁሉ የምልህ ለምን መሰለህ፣ ጠዋት የምትጨቃጨቅበት ሰዓት የለህም። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ትጓዛለች። ያ ሁሉም የሚወደው ወርቃማ ብርሃን ያለው ፀሐይዋ ከአድማሱ 6 ዲግሪ ያህል እስክትርቅ ድረስ ነው። ምድር ወገብ አካባቢ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ወደ ዋልታዎቹ በቀረብክ ቁጥር ይረዝማል። ያቺን ጊዜ ቢሮ ወንበር ላይ ካሳለፍካት የሳምንቱ መውጫህ አለቀ። ሳምንቱን ሙሉ የጠበቅካት እሷን ነው።

ያለ ትራይፖድስ እንዴት ልሁን ካልክ፣ አጥር ወይም ድንጋይ ላይ አስደግፈውና የ2 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪውን ተጠቀም፣ ጣትህ ሲጫን የሚያናውጠው ይቀራል። ሌላው የኔ ኩራት ናት፤ የካሜራህ ሥር ያለችው ቀዳዳ ሩብ ኢንች ብሎን ነው የምትቀበለው። ጭንቅላቱ ቀለበት የሆነ ሩብ ኢንች ብሎን ፈልግ፣ ጥርሱ አጭር ይሁን፣ ብዙ አትጠምዝዘው፣ ቀዳዳው ጥልቅ አይደለም። ቀለበቱ ላይ ካንተ ቁመት የማያንስ ገመድ እሰር። ገመዱን በእግርህ ርገጥና ካሜራውን ወደ ላይ ወጥረህ ያዘው። እጅህ ሲረጋ አንተው ትገረማለህ። ተጠቅልላ ኪስህ ውስጥ ትገባለች፣ እስካሁን ለዚህች ገመድ ፈቃድ ያለኝ ጥበቃ የለም።

ሰው ያፈጥብኛል ላልከው፣ ትልቁን ካሜራ ፊትህ ላይ ከለጠፍከው ማን አያፈጥም? ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ ካርቲየ-ብሬሶን የሚያብረቀርቀውን የላይካ ካሜራውን ብረት በጥቁር ፕላስተር ይሸፍነው ነበር። ቪቪያን ማየርን ደግሞ እያት። ሞግዚት ናት፣ መተዳደሪያዋ ልጅ ማሳደግ ነው፣ በትርፍ ጊዜዋ በአብዛኛው አሜሪካ ቺካጎና ኒው ዮርክ መንገድ ላይ ከ100,000 በላይ ፎቶ ያነሳች ሴት። ሮላይፍሌክስ የሚባለውን ካሜራዋን ደረቷ ላይ ይዛ ወደ ታች አጎንብሳ ነበር የምታየው፣ ካሜራ ዓይኗ ላይ ስለሌለ ብዙው ሰው ልብ አይላትም። ሥራዋ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ዕቃዎቿ በጨረታ ሲሸጡ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 አርፋለች። ያንተ ካሜራ ስክሪኑ የሚታጠፍ ከሆነ ደረትህ ላይ አድርገህ እንደሷ ማየት ትችላለህ። ዓይን ለዓይን የተጋጠምከውን ሰው ግን ፈገግ ብለህ ፎቶውን አሳየው፣ ላክልኝ ካለህም ላክለት። የምር ላክለት፣ ብዙዎቻችን "እልካለሁ" ብለን ነው የምንጠፋው።

ትራይፖዱን የምትገዛው ሌሊት ከተማ ወይም ኮከብ ማንሳት ስትጀምር ነው፣ ያኔ ያለሱ አይሆንም። እስከዚያው ለሱ የያዝከውን ገንዘብ ሁለተኛ ባትሪና ሁለተኛ ካርድ ግዛበት።

የካሜራህን ሞዴልና የሌንስህን ሚሊሜትር ከሥር ጻፍልኝ። ዝቅተኛው የሻተር ፍጥነት የቱ ሜኑ ውስጥ እንደተደበቀ እፈልግልሃለሁ፣ አንዳንዶቹ ካሜራዎች ላይ እሱን ማግኘት ራሱ ፈቃድ የሚጠይቅ ነው የሚመስለው።