መልስ፦ እንደ ሙራካሚ የብሩሽ ምልክት የሌለው ቀለም

«የጃፓናዊው ሠዓሊ የታካሺ ሙራካሚ አበቦች ላይ የብሩሽ ምልክት ለምን አይታይም? በአክሪሊክ ይቻላል?» ላልከው፦ ይቻላል፣ ግን ዋናው ሥራ የሚያልቀው ቀለም ከመነካቱ በፊት ነው። የእጅ ንድፉ ስካን ይደረጋል፣ በኢሉስትሬተር (የኮምፒውተር መሳያ ፕሮግራም) መስመሩ ይጠራል፣ ከዚያ በስክሪን ፕሪንት (ቀለምን በፍሬም ላይ በተወጠረ ስስ ጨርቅ፣ ማለትም በስክሪን፣ አሳልፎ በማተም) ሸራው ላይ ያርፋል። በ2003 ለሉዊ ቪቶን የሠራው ባለ 33 ቀለም ንድፍ ቦርሳ ላይ ያማረውም መስመሩ እንዲህ ጥርት ያለ ስለሆነ ይመስለኛል።

ሸራውን 3 ወይም 4 እጅ ጄሶ (ከቀለም በፊት የሚቀባ ነጭ የሸራ መሠረት) ቀባው፤ በየመሃሉ በ220፣ መጨረሻ ላይ በ400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው። ይህ ከተዘለለ የሸራው ሽመና ከቀለሙ ሥር ይታያል። አክሪሊኩን ከስክሪን ፕሪንት ሚዲየም (መድረቁን የሚያዘገይ ማቀላቀያ) ጋር እኩል በእኩል ቀላቅል፤ አለዚያ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀዳዳውን ይደፍናል። ለሰፊ ቀለም በሴንቲ ሜትር 43 ክር ያለው የስክሪን ጨርቅ ይበቃል፣ ለቀጭን መስመር 77 ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ግን ሁለት ቀለሞች ሲገናኙ በሚቀረው ነጭ ክፍተት ነው። ገና ኮምፒውተር ላይ እያለ እያንዳንዱን ቀለም ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ከጥቁሩ መስመር ሥር አስገባው፤ ጥቁሩን መጨረሻ አትም። ሸራው ሥር ጠንካራ ሰሌዳ ይኑር፤ ባዶ ከሆነ ቀለሙን በስክሪኑ የሚገፋው ጎማ ሲጫነው ይሰምጥና መስመሩ ይዛነፋል።